የሀገር ድምፅ በራስ ሽቦ፦ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕይወት ከአንጎለላ እስከ ስልክ መስመር

በሰሜን ሸዋ ዞን ከደብረ ብርሃን ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው አንጎለላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት ሥፍራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በብዙኃኑ ዘንድ በዓድዋ ድልና በአዲስ አበባ መቆርቆር ይታወሳሉ። ከዚህም ሌላ የፖስታ፣ የስልክና የቴሌግራፍ አገልግሎት በኢትዮጵያ የተተከለው በእርሳቸው ዘመነ መንግሥት ነው። ዛሬ ዜጎች የስልክ መስመር ለማስገባት፣ ደብዳቤ ለመላክ ወይም የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ ለማግኘት ወደ መንግሥት ተቋማት ሲመጡ የሚጠቀሙበት ሥርዓት መነሻው ያ ዘመን ነው። ከዚህ በታች የቀረበው የሕይወት ታሪካቸው በመልእክትና በግንኙነት ጉዳይ ላይ ያተኮረ ነው። አንድ ሀገር ከሌላው ዓለም ጋር በራሱ አንደበት መነጋገር መቻሉ ምን ያህል ዋጋ እንደተከፈለበት ያስረዳልና።

ልደትና አስተዳደግ

የሕፃኑ የመጀመሪያ ስም ሣህለ ማርያም ነበር። አባታቸው ኃይለ መለኮት ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። በወቅቱ ሸዋን ይገዙ የነበሩት አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ምኒልክ የሚለውን ስም ያወጡላቸውም እኒሁ አያታቸው እንደሆኑ ይነገራል።

የሸዋ ነገሥታት በዚያ ዘመን በአንኮበርና በአንጎለላ እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር። አንጎለላ በደጋው ሜዳ ላይ የምትገኝ ናት። አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ከግርጌዋ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጠረፍ ለሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች መድረሻ ነበር። ከታጁራ ወይም ከዘይላ የተነሣ ደብዳቤ አንኮበር እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እንግዳም ቢሆን የንጉሡ ፈቃድ እስኪደርሰው በኬላ መቆየት ግዴታው ነበር። ስለዚህ ወደ ሸዋ የሚገባውን ሰው ብቻ ሳይሆን የሚገባውን ወሬ ጭምር የሚቆጣጠሩት ንጉሡ ነበሩ።

ሣህለ ሥላሴ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለመገናኘት ፈቃደኛ ነበሩ። በ1834 ዓ.ም. በካፒቴን ሃሪስ ከተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ጋር፣ በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር የወዳጅነት ውል ተዋውለዋል። ምኒልክ የተወለዱት ይህ ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ዐሥር ዓመት በመቅደላ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ገደማ ሲያርፉ ኃይለ መለኮት ዙፋኑን ወረሱ። ዳሩ ግን የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሸዋ ሲዘምት፣ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ዐረፉ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሞላቸው አልጋ ወራሽም በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ከሸዋ ተወሰዱ፤ በመጨረሻም በመቅደላ አምባ እንዲቀመጡ ተደረገ።

ምኒልክ በግዞት የነበሩት በእግር ብረት ተጠፍረው አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳድገዋቸዋል፤ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ድረውላቸዋል። ቢሆንም ለዐሥር ዓመታት ያህል ከሀገራቸው ተለይተው ኖረዋል። ስለ ሸዋ የሚያውቁት ከመንገደኛ፣ ከነጋዴና ከእስረኛ አፍ የሚሰሙትን ብቻ ነበር። የአባታቸው አልጋ በማን እጅ እንዳለ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚል፣ ወዳጅ ማን ጠላት ማን እንደሆነ በዚያው መንገድ የሚመጣ ወሬ ነበር የሚነግራቸው።

በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በሌሊት ከመቅደላ አመለጡ። መንገዳቸው በወሎ በኩል ስለነበር ዕጣቸው በወሎዋ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት እጅ ወደቀ። ወይዘሮ ወርቂት ደግሞ የገዛ ልጃቸው በአፄ ቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ ታስሮ ነበር። ኮብላዩን ይዘው ቢመልሱ ልጃቸውን ለማስለቀቅ ተስፋ ነበራቸው። ሆኖም ምኒልክን በሰላም ወደ ሸዋ አሳለፏቸው፤ ልጃቸውም በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። ምኒልክ ወደ አባታቸው አልጋ የተመለሱት እንዲህ ባለ ዋጋ ነው።

ሸዋ እንደገቡ በወቅቱ ሀገሩን ይዘው የነበሩትን አቶ በዛብህን አሸንፈው በነሐሴ ወር 1857 ዓ.ም. የሸዋ ንጉሥ ተባሉ። ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ።

የአንኮበር ደጅ

ንጉሥ ምኒልክ በቀጣዮቹ ዓመታት መቀመጫቸውን በአንኮበርና በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው ልቼ አደረጉ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ በተደረገው ስምምነት ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ገብረው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸና።

አንኮበር በእነዚህ ዓመታት የውጭ ሰዎች የሚበዙባት ከተማ ሆነች። በ1868 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር በማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራ ቡድን ላከ። ንጉሡም በአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተው ተቀበሩ። በ1871 ዓ.ም. ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ደረሱ። ኢልግ በንጉሡ ዘንድ ከሃያ ዓመታት በላይ ያገለገሉ ሲሆን፣ በኋላ ስለሚመጣው የባቡርና የቴሌግራፍ ሥራ ስማቸው በተደጋጋሚ ይነሣል። በዚሁ ዓመት የመጡት ካውንት ፒዬትሮ አንቶኔሊም የኢጣሊያን ጉዳይ በመያዝ በቤተ መንግሥቱ ተደማጭነት አገኙ።

ንጉሡ ስለ ማናቸውም አዲስ መሣሪያ አሠራር በመጠየቅና በእጃቸው ይዘው በመመርመር ይታወቁ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ግን የጦር መሣሪያ ነበር። መሣሪያው የሚመጣው በባሕር ጠረፍ ነው፤ ጠረፉ ደግሞ በውጭ ኃይሎች እጅ ነበር። ደብዳቤም መድኃኒትም ጠመንጃም በሌሎች ደጅ ማለፋቸው የሸዋ መንግሥት ትልቁ ጭንቀት ነበር።

በዚህ ዘመን የሸዋ ግዛት ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ በዘመቻ ሰፋ። ዘመቻዎቹ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋባቸው ነበሩ። ከዚያም የሰፋውን ግዛት ለማስተዳደር በፈረስና በእግር የሚላክ መልእክት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ግልጽ እየሆነ መጣ። መናገሻውም ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ተዛወረ።

የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ላይ ወደቁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ደግሞ በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የውጫሌ ውል በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ነበር። 17ኛው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ግንኙነት ነው። በአማርኛው ቅጂ መሠረት ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራት ጉዳይ ከፈለገች በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት ልትጠቀም ትችላለች። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ይህን ፈቃድ ወደ ግዴታ ይለውጠዋል። ኢጣሊያም ይህንኑ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ነገሩ ይፋ የወጣው በደብዳቤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳዩ በኢጣሊያ በኩል መቅረብ እንደሚገባው የሚያመለክት ሆነ። ኢትዮጵያ ድምፅ እንዳትኖራት የተደረገው ጥይት ሳይተኮስ፣ በአንድ ቃል ትርጉም ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢጣሊያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የኢትዮጵያን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ በቀጥታ ለአውሮፓ ኃያላን ላኩ። አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል ተመልሰው ቢመጡም፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ ብጡል ኢትዮጵያን በሌላ ሞግዚትነት ሥር የሚያስገባ ሐሳብ ሁሉ ሳይቀበሉ ቀሩ። በ1885 ዓ.ም. ውሉ መሻሩ ለመንግሥታት ተገለጸ። እነዚህ ዓመታት ሕዝቡ በከብት እልቂትና በረሃብ ክፉ ቀን ያሳለፈባቸው እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ታወጀ። የስልክ መስመር ገና ስላልተዘረጋ ዐዋጁ የተሰማው በነጋሪት፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በዓድዋ ድል አደረገ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሽሮ ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነፃነት ያለ ገደብ ተቀበለች። ኢትዮጵያ ከማንኛውም መንግሥት ጋር በቀጥታ የመነጋገር መብቷ በጽሑፍ የተረጋገጠው ያኔ ነው።

ፖስታ፣ ስልክና ቴሌግራፍ

መብት ያለ መሣሪያ ብዙ አያስኬድም። በመሆኑም ንጉሠ ነገሥቱ ከዓድዋ በፊት የጀመሩትን የመገናኛ ሥራ ከድሉ በኋላ አጠናክረው ቀጠሉ።

የመጀመሪያዎቹ የስልክ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1882 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያመጧቸውም የኋላው ራስ መኰንን፣ ስለ ውጫሌ ውል ወደ ኢጣሊያ ተልከው ሲመለሱ እንደነበር ይነገራል። መሣሪያው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በተሞከረ ጊዜ፣ አካሉ የማይታይ ሰው ድምፅ በመሰማቱ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዲወገድ አሳስበው እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መሣሪያውን አላስወገዱም።

በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት በዐዋጅ ተቋቋመ። የንጉሠ ነገሥቱ መልክና የይሁዳ አንበሳ ያሉባቸው ቴምብሮችም በፈረንሳይ ሀገር ታተሙ። ሆኖም ቴምብሮቹ በመጀመሪያ ከሀገር ውጭ ተቀባይነት አልነበራቸውም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በጠረፍ ላይ የፈረንሳይ ቴምብር እንዲለጠፍበት ያስፈልግ ነበር። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ይህ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ቴምብር ብቻ የተላከ ደብዳቤ በየሀገሩ ተቀባይነት አገኘ።

በዚሁ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የተሰጠው የባቡር ሐዲድ ፈቃድ በሐዲዱ አጠገብ የቴሌግራፍ መስመር መዘርጋትንም ያካተተ ነበር። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ባለው ጊዜም አዲስ አበባን ከአሥመራ የሚያገናኘው መስመር ተሠራ። ሌሎች መስመሮችም መናገሻውን ከጠቅላይ ግዛቶች ጋር አገናኙ።

መስመሩን መዘርጋት አንድ ነገር ሲሆን መጠበቁ ሌላ ነበር። የእንጨት ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፤ በቆላው ዝሆን እየተሻሸ ይጥለዋል፤ ሽቦውንም ለአምባርና ለጌጥ የሚፈልግ ሰው ቆርጦ ይወስደዋል። በክረምት ጎርፍ ምሰሶውን ከነሽቦው ይዞ ይሄድ ነበር። ሽቦው ደግሞ ምሰሶውን በቀጥታ ከነካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ስለሚያመልጥ፣ በየምሰሶው ላይ ከሸክላ በተሠራ መያዣ መታሰር ነበረበት። በአንዲት ቀበሌ የተቆረጠ አንድ ክንድ ሽቦ የሐረርንና የአዲስ አበባን ንግግር ያቋርጣል። የሕዝብ መገናኛ መስመር የአንድ ቦታ ነዋሪ ብቻ የሚጠቀምበት ወይም ብቻውን የሚጎዳበት ንብረት አለመሆኑ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የታየ እውነት ነው።

በስልኩ ምክንያት የመንግሥት አሠራር ተለወጠ። ቀድሞ ፈረሰኛ በሳምንት የሚያደርሰው ትእዛዝ በዕለቱ ይደርስ ጀመር። የጠቅላይ ግዛት ገዥ የሠራውን ንጉሠ ነገሥቱ ሳይዘገይ ይሰማሉ። የነጋዴ ዕቃ ጠረፍ መድረሱም በጊዜው ይታወቃል። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙም፣ መናገሻውን ከጠቅላይ ግዛቶች ጋር የሚያገናኘው መስመር ቀድሞ ተዘርግቶ ይጠብቃቸው ነበር።

ሽቦ አልባው መገናኛና የንጉሠ ነገሥቱ ዕረፍት

በኢትዮጵያ ምሰሶ እየተተከለ ሽቦ በሚዘረጋበት በዚያው ጊዜ፣ በሌላው የዓለም ክፍል ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ሽቦ የማይፈልግ መገናኛ ይሞከር ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ጉልዬልሞ ማርኮኒ በኒውፋውንድላንድ ደሴት፣ 150 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ በወረቀት አሞራ ወደ ሰማይ አስነሥቶ፣ ከእንግሊዝ ሀገር የተላከ የሞርስ ምልክት ከውቅያኖስ ማዶ መስማቱን አስታወቀ። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ከ3,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከምሰሶ ጋር ያልታሰረ፣ ተጠቅልሎ የሚጓዝና በደረሱበት የሚሰቀል ሽቦ አህጉርን ከአህጉር እንደሚያገናኝ በዚያ ቀን ታየ።

አፄ ምኒልክ ይህ ግኝት በሀገራቸው ሥራ ላይ ሲውል አላዩም። ጤንነታቸው ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ እየተዳከመ ሄዶ፣ በ1902 ዓ.ም. በደረሰባቸው ከባድ ሕመም አንደበታቸው ተያዘ። ወራሻቸው ልጅ ኢያሱ መሆናቸው ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ከማርኮኒ ሙከራ በኋላ ልክ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሞላው ዕለት መሆኑ ነው። ሀገራቸውን በሽቦ ያገናኙት ንጉሥ ሲያርፉ ግን ወሬው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ሁከት ይነሣል በሚል ፍርሃት ሞታቸው ለዓመታት በምስጢር ተይዟል። በመጨረሻም ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።

ኢትዮጵያ በ1924 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች። በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ ኃይለኛ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጣቢያውን የሠራው የኢጣሊያ ኩባንያ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትሰናዳ ግን የሀገሪቱ አቤቱታ ለዓለም የተሰማው በዚሁ ጣቢያ ነበር። በውጫሌ ውል በሌላ አንደበት እንድትናገር ልትገደድ የነበረች ሀገር፣ በዚያ የጭንቅ ወራት በራሷ አንቴና ተናገረች።

ከንጉሠ ነገሥቱ ሽቦ እስከ ዜጎች አንቴና

ዛሬ የአንድ ሰው የትከሻ ቦርሳ የሚይዘው ሬዲዮና ጥቅል ሽቦ ከሀገር ሀገር ያነጋግራል። ይህ አገልግሎት አማተር ሬዲዮ ይባላል። ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለምርምር፣ ለወዳጅነትና በአደጋ ጊዜ ለእርዳታ የሚውል ነው። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ስም የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ይገኛል። በጥሪ ስሙ መነሻ ላይ ያሉት ኢ እና ቲ የተባሉት ፊደላት በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተሰጡ ናቸው። ስለሆነም ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ በሬዲዮ በተናገረ ቁጥር የሚያስቀድመው የሀገሩን መለያ ነው።

ተጠቅልሎ የሚያዝ የሽቦ አንቴና አሠራሩ ቀላል ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ሽቦዎች መሐል ላይ ከኬብል ጋር ይያያዛሉ፤ ኬብሉ ወደ ሬዲዮው ይወርዳል። የሽቦዎቹ ርዝመት የሚወሰነው በሞገዱ ነው። ለምሳሌ በ7.1 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 42 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከግማሹ በጥቂቱ የሚያንስ፣ በጠቅላላው 20 ሜትር ያህል ሽቦ ያስፈልጋል። በ14.2 ሜጋኸርዝ ደግሞ 10 ሜትር ያህል ይበቃል። መሐሉን በአንድ ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ሁለቱን ጫፎች በገመድ ወደ ጎንና ወደ ታች ወጥሮ ማሰር የተለመደ ነው። በጫፎቹ ላይ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የፕላስቲክ ወይም የሸክላ መያዣ ይደረጋል። በምኒልክ ዘመን ምሰሶዎች ላይ የነበረው የሸክላ መያዣ ሽቦውን ከምሰሶው እንደሚለይ ሁሉ፣ ይህም ሽቦውን ከዛፉና ከገመዱ ይለያል።

እንደ አንኮበር ባለ ተራራና ገደል በበዛበት አካባቢ ይህ አንቴና የራሱ ጥቅም አለው። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ የተሰቀለ ሽቦ ሞገዱን ወደ ላይ ይለቃል። ሞገዱም ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ተንጸባርቆ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይወርዳል። ተራራው ስለማይጋርደው፣ የስልክ አውታር በተቋረጠበት የአደጋ ጊዜ ከሸለቆ ሸለቆ መልእክት ለማድረስ ያገለግላል።

ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባው ጉዳይ የሬዲዮ ሞገድ ውስን የሀገር ሀብት መሆኑ ነው። ያለ ፈቃድ የሚለቀቅ ሞገድ የአውሮፕላንን፣ የፀጥታ አካላትንና የሌሎች ተጠቃሚዎችን ግንኙነት ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ የሬዲዮ ማሰራጫ መሣሪያ ከማስገባትና ከመጠቀም አስቀድሞ በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ሽቦ የሚሰቀልበት ቦታ ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ የክረምት መብረቅ አደገኛ በመሆኑም፣ ደመና ሲከብድ አንቴናውን ከሬዲዮው ነቅሎ ማውረድ ይገባል።

አፄ ምኒልክ በተወለዱበት ዘመን ከአንኮበር ወደ ውጭ የሚሄድ ቃል በሲራራ ነጋዴ እጅ ሳምንታት እየተጓዘ በሌሎች ኬላ ያልፍ ነበር። በነገሡበት ዘመን ደግሞ የአንድ አንቀጽ ትርጉም ኢትዮጵያን ከዓለም ጋር በቀጥታ እንዳትነጋገር ሊያደርጋት ሞክሯል። ዛሬ በአንኮበር አፋፍ ላይ በሁለት ዛፎች መካከል 20 ሜትር ሽቦ የወጠረ ፈቃድ ያለው ዜጋ የሀገሩን ስም አስቀድሞ ድምፁን ለዓለም ማሰማት ይችላል። ይህን መብት በሕግ አግባብ መጠቀምና የሕዝብ የሆነውን የመገናኛ መስመር፣ በምሰሶ ላይ ያለውንም በአየር ላይ የሚያልፈውንም፣ ከጉዳት መጠበቅ የሁሉም ዜጋ ኃላፊነት ነው።